አደይ ነው ብዬ መጭ ሰጠኋት!

እስቲ ዛሬ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሳትስቁ ማንበብ አትችሉም፣ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ወሩ መስከረም ነው፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በማግስቱ። ከአንዲት ልጅ ጋር ከተዋወቅን ሦስት ወር ሆኖናል። ስሟን አልጠራም፣ ጋዜጣ ታነባለች። ካፌ ለካፌ መዞሩ ኪሴንም ልቤንም አድክሞት ስለነበር "ለምን እንጦጦ አንወጣም?" አልኳት። እሺ አለች። ከሽሮ ሜዳ በላይ በእግራችን ስንወጣ መንገዱ ዳር ሜዳው ቢጫ በቢጫ ሆኗል። እኔ አራዳው ዘልዬ ገባሁና አንድ እቅፍ ሙሉ ለቀምኩ። ከዚያ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ "አደይ አበባ ለአደይ አበባ!" አልኳት።

ተቀበለችኝ። አየችው። ቅጠሉን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና ሳቋን ለቀቀችው።

"ይሄ እኮ መጭ ነው!"

"መጭ ደግሞ ምንድን ነው?"

"አረም ነዋ! እኛ አገር ከእርሻ ነቅለን የምንጥለው። በአረም ልታጨኝ ነው እንዴ?"

ለካስ ልጅቷ አስረኛ ክፍል እስክትደርስ ያደገችው ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው። እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ! የታክሲውን መስመር ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፣ ቢጫ አበባ ሁሉ ደግሞ ለኔ አደይ ነው።

ሳቁ ያለቀበት ቀን

ይህን ያህል ቢሆን ቀልድ ሆኖ ያልፍ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ታናሽ እህቴ ትኩሳት ያዛት፣ ከንፈሯም አባበጠ። እናቴ "ምች ነው። ሂድ ከጎረቤት አጥር ዳማ ከሴ ቀንጥሰህ አምጣ" አለችኝ። አላውቀውም ማለት አፈርኩ። አጥሩ ዳር ካገኘሁት ቅጠል ሁሉ አንድ ጭብጥ ይዤ መጣሁ።

እናቴ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ፊቷ ተለዋወጠ። ከመሃሉ አንድ ሰፊ፣ ጠርዙ የተጠረበ ቅጠል መዝዛ "ይሄ አስተናግር ነው" አለች። "ስሙን አልሰማህም? የቀመሰውን የሚያስቀባጥር! ልጅቷን ልትገድላት ነው?"

እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ቅጠሉን ወደ ውጭ ጥላ እጇን ታጠበችና "ጥፋቱ የኔ ነው። ስታድግ አላሳየሁህም" ብቻ አለች። ይህች ንግግር ከጥፊ በላይ አመመችኝ። እህቴን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ዳነች። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። እማዬ ነገ ባትኖር በዚህ ቤት ዳማ ከሴን ከአስተናግር ለይቶ የሚያውቅ ማን ነው?

እሁድ በመናገሻ

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ሳጫውተው "እኔ የምሄድበት ጉዞ አለ፣ ና" አለኝ። አንድ የዕፅዋት መምህር በክረምቱ ማብቂያ ወጣቶችን እየሰበሰቡ ጫካ ያስጎበኛሉ። በመስከረም መጨረሻ አንድ እሁድ አሥራ ሰባት ሆነን በሚኒባስ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ደኑ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። የጥዱን ፍሬ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ አስመጥተው አስዘሩት ተብሎ ይነገርለታል።

መምህሩ ከመኪና እንደወረድን ጠየቁን። "በሰፈራችሁ ካሉ ተክሎች የአምስቱን ስም ንገሩኝ።" እኔ ሁለት ብቻ አወጣሁ። ባሕር ዛፍና ጃካራንዳ።

"ጎበዝ!" አሉኝ። "አንዱ የአውስትራሊያ፣ አንዱ የደቡብ አሜሪካ። አሁን ከአገርህ ልጆች ጋር ላስተዋውቅህ።"

መጀመሪያ ያቆሙን ጥድ ሥር ነው። እኛ ለገና የምናስጌጠው ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው አሉን። መለያው ፍሬው ነው። የፈረንጁ ፍሬ ክብ ሆኖ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ የአበሻው ጥድ ግን ጥቁር ሰማያዊ የሚመስል ትንሽ ለስላሳ ፍሬ ያፈራል። ዝግባውን ቀጭን ረዥም ቅጠሉንና እየተላጠ የሚረግፈውን ቅርፊቱን አይተን ለየነው። የወይራን ቅጠል ደግሞ ገልብጠን አየነው፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ፈዘዝ ያለ። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ መሆኑን የሰማሁት በዚያን ቀን ነው። ቀላ ያለውን ዘለላ የምትሰጠው ሴቲቱ ናት።

ከቁጥቋጦው ውስጥ ቀጋን አሳዩን። እሾሃም ናት፣ አበባዋ ነጭ፣ ፍሬዋ ሲበስል የሚቀላ። ከሰሃራ በስተደቡብ ያለች ብቸኛ አገር በቀል ጽጌረዳ ናት አሉን። እኛ ግን ለፍቅረኞቻችን ከአበባ ቤት የውጭ ዘር እንገዛለን! ሳማም ነበር። አንዱ ልጅ ሳያውቅ ነክቶት ጮኸ። "እሱም የኛው ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። ደግሞ ሲቀቀል ወጥ ይሆናል" ብለው አሳቁን።

እንዶድ ጋ ስንደርስ ግን ቆም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ናት። ከዚያች እይታ የተነሳው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። "አያችሁ?" አሉ መምህሩ። "እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ነው። የሚያየው ሰው ነበር የጠፋው።"

በመጨረሻ ሜዳው ላይ የኔ ጉድ ተፈታ። "ጋሼ፣ አደይና መጭን እንዴት ልለያቸው?" አልኳቸው። ሁለቱንም ፈልገው አሳዩኝ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ ቅጠል ሙሉ ነው፣ ግንዱን እቅፍ ያደርጋል፣ ሲዳስሱት ይሻክራል። ልጅቷ በጣቷ የዳሰሰችው ለካ ይህን ኖሯል! "ደግሞ አትናቀው" አሉኝ። "መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው።"

እናንተም ብትሄዱ

ለመሄድ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ይመረጣል፣ ሜዳው በአበባ የሚሸፈነው ያኔ ነው። ጠዋት ውጡ፣ የዝናብ ልብስና ጭቃ የሚችል ጫማ አትርሱ። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን ለየብቻ ሣሉት ወይም በስልካችሁ አንሱት። በአበባው ቀለም ብቻ መፍረድ እንደኔ ያዋርዳል።

እዩ፣ አሽትቱ እንጂ አትቅመሱ። "አገር በቀል ነው፣ ምን ይለኛል" ማለት ያስቀብራል፣ ለበሽታ ሐኪም ቤት አለ። አትንቀሉም፤ አንድ እቅፍ አበባ ማለት አንድ እቅፍ የከርሞ ዘር ማለት ነው።

ሩቅ መሄድ ያልቻለ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እዚሁ አዲስ አበባ አለለት። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የመዘገበው ባለ 8 ቅጽ መጽሐፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀ ነው። በሁለቱ አገሮች 6,000 ያህል የዕፅዋት ዓይነት አለ፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ ቦታ የማይገኝ።

ከሁሉ በፊት ግን እናታችሁን ጠይቁ። እኔ ያን እሁድ ማታ ጭቃዬን ሳላራግፍ እማዬ አጠገብ ተቀምጬ "በልጅነትሽ የምታውቂያቸውን ንገሪኝ" አልኳት። "ምን ያደርግልሃል?" አለች። ከዚያ ጀመረች። አጋም፣ ኮሸም፣ እምቧጮ፣ መቅመቆ፣ ጦስኝ፣ ጥንጁት... ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደብተሬ ውስጥ 43 ስም ነበረ። ሃያ አራት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አንድም ቀን አልጠየቅኳትም!

በጥቅምት ጉዞ ይዣት ሄድኩ። መምህሩ የአንዱን ተክል ስም ሲጠሩ እማዬ "ኧረ እኛ አገር እንዲህ አይባልም!" ብላ ተከራከረቻቸው። መምህሩ አልተቆጡም። ብዕራቸውን አውጥተው እሷ ያለችውን ጻፉ። ያን ጊዜ የእማዬን ፊት ብታዩት!

ልጅቷስ? ትሉኝ ይሆናል። አብራን ነበረች። እማዬ ገና ከመኪና እንደወረድን እጇን ያዝ አድርጋ የጠየቀቻት አንድ ነገር ነው።

"የኔ ልጅ፣ መጭ ነው አሉ የሰጠሽ?"