ሳንጠየቅ የተቆረጠው ርቀት

ጁን 9 ቀን 2023 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ በአንድ የዳይመንድ ሊግ ምሽት ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ለሜቻ ግርማ የ3000 ሜትር መሰናክልን በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ፣ ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ደግሞ 5000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ05.20 ሰከንድ ጨረሱ። በ2019 የተላለፈው ውሳኔ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ውድድሮች ከነጥቡም ከዋናው የቴሌቪዥን ሰዓትም ውጭ በሆኑ ነበር።

ውሳኔው ይህ ነበር። የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል የዳይመንድ ሊግ ስርጭትን ከሁለት ሰዓት ወደ 90 ደቂቃ፣ የውድድር ዓይነቶችን ከ32 ወደ 24 ሊያወርድ፣ ረጅሙንም ሩጫ በ3000 ሜትር ሊገድብ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደግሞ መሰናክሉን፣ 200 ሜትርን፣ ሱሉስ ዝላይንና ዲስከስ ውርወራን ከዋናው ዝርዝር አወጣ። ለኖቬምበሩ ምርጫ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በቻይና፣ በፈረንሳይ፣ በደቡብ አፍሪካና በአሜሪካ የተደረገ የተመልካቾች ጥናት ነው። መሰናክልን እንደ ራሳቸው የሚያዩት ኬንያና ኢትዮጵያ ከአራቱ አገሮች ውስጥ አልነበሩም። ክርክሬም እዚህ ላይ ነው፤ ረጅም ርቀት ከስክሪን ሊወጣ የተቃረበው የሚወደው ሕዝብ ከተመልካች ስላልተቆጠረ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ከተማዋ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አበበ ቢቂላ የተወለደባት ጃቶም ከእሷ በስተምዕራብ በመንዲዳ አቅራቢያ ትገኛለች። አበበ ማራቶንን ያሸነፈበት የ1960 የሮም ኦሊምፒክ በአውሮፓ በቀጥታ ሲተላለፍ በአበበ አገር ቴሌቪዥን ገና አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። ዛሬ ግን በዚህ ደጋ ሩጫ የሚጀምር ልጅ ምን መሆን እንደሚቻል የሚያየው በስክሪን ነው። ስፖንሰር ገንዘቡን የሚያፈሰው ካሜራ ወዳለበት ነው፤ ካሜራው ከትራክ ከራቀ ወጣቱ እግሩ ሳይጠና ወደ ጎዳና ሩጫና ማራቶን ይሄዳል።

የቴሌቪዥን ሰዎች መልስ አላቸው። ለ5000 ሜትር የሚሄደው አሥራ ሦስት ደቂቃ ከ90 ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነው፣ ተመልካችም እስከ ደወሉ አይጠብቅም ይላሉ። ግን ሲድኒ ላይ በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያ ፍጻሜ ልብ ያቆመው ሃያ አራት ዙር ሙሉ የተጠራቀመ ውጥረት ስለነበረው ነው። የመጨረሻውን ዙር ብቻ ቆርጦ የሚያሳይ ስርጭት የተሸናፊውን ድካምም የአሸናፊውን ብልሃትም አያሳይም። በዙሮቹ መካከል አሯሯጩ መቼ እንደሚወጣ፣ ማን ከማን ኋላ እንደተደበቀ የሚያስረዳ ተንታኝ ቢኖር ተመልካቹ አይሰለችም። 3000 ሜትር ይበቃል የሚለውም አያስኬድም፤ ርቀቱ ያለ መሰናክል ዛሬ በኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም።

የአትሌቶች ተቃውሞ ከባድ ነበር። የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ የሱሉስ ዝላይ አሸናፊው ክርስቲያን ቴይለር የአትሌቶች ማኅበር መሠረተ። የኮሮና ወረርሽኝ የ2020ን ዕቅድ አፈረሰው፤ በዚያው ክረምት ጆሹዋ ቼፕቴጌ ሞናኮ ላይ፣ በዳይመንድ ሊግ ሜዳ፣ የቀነኒሳ በቀለን የ16 ዓመት የ5000 ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2021 ሠላሳ ሁለቱ ውድድሮች ተመለሱ፤ 5000 ሜትር ግን ቦታውን ከ3000 ጋር እንዲጋራ ተደርጎ ነው። በ2023 በዚሁ ሊግ ፍጻሜ ጉዳፍ ፀጋይ ርቀቱን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሮጠች።

10000 ሜትር ግን እስካሁን በሊጉ የነጥብ ዝርዝር የለም። ያቆየው የሌሎች ድካም ነው። ለንደን ውስጥ የሃይጌት ክለብ ሰዎች ከ2013 ጀምሮ ለዚህ ርቀት ብቻ ምሽት እያዘጋጁ ተመልካቹን እስከ ትራኩ ጠርዝ ያስጠጉታል። ኢትዮጵያ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ምርጫዋን በ2021 ሄንግሎ፣ ኔዘርላንድስ ላይ ስታደርግ ለተሰንበት ግደይ 29 ደቂቃ ከ01.03 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በአውሮፓ ስታዲየሞች ሰንደቅ ይዘው የሚወጡ ወገኖቻችንም ለእነዚህ ውድድሮች ሕይወት ሰጥተዋል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ «ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በስልክ በተገኘ ሊንክ የሚያይ ሰው በስርጭት ገበያው አይቆጠርም። ስለዚህ ቅሬታ ብቻ አይበቃም። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከኬንያና ከኡጋንዳ አቻዎቻቸው ጋር ሆነው የስርጭት መብቱን በጋራ ቢጠይቁ፣ የረጅም ርቀት ውድድሮችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ሙሉ ለሙሉ ቢያስተላልፉ፣ ስንት ሰው እንዳያቸውም በቁጥር ቢያቀርቡ፣ በሚቀጥለው ጥናት የአዲስ አበባና የናይሮቢ ተመልካች ከፓሪሱ ጎን ይቆጠራል።