«ድብ» የሚለው ቃልና የሩቅ ሰሜን ታሪኮች አተረጓጐም

አንድ ነገር በአገር እያለ ስሙ በቋንቋው ሲታጣ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል፤ ተርጓሚው ይጠይቃል፣ ይፈልጋል፣ ሲያቅተውም ቃል ይፈጥራል። ስሙ በቋንቋው እያለ ነገሩ በአገር የሌለ እንደ ሆነ ግን ጉድለቱ ይሸፈናል። ተርጓሚው ቃሉን ጽፎ ያልፋል፤ አንባቢውም የገባው መስሎት ያነባል። «ድብ» የሚለው ቃል ለዚህ ሁለተኛ ዐይነት ችግር ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር ጎሮ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው የጅብ ድምፅ ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ ድብን ግን የሚያውቀው ከመጽሐፍ፣ ከፊልምና ከልጆች አሻንጉሊት ነው። በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ታሪክ በአጭሩ ከተመለከትን በኋላ፣ ስለ ሩቅ ሰሜን ድቦች የሚነገረውንና የሚጻፈውን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስፈልጉትን ስያሜዎች እንመረምራለን።

ሀ. ቃሉ በግእዝና በአማርኛ

«ድብ» በግእዝም በአማርኛም በአንድ መልክ ይገኛል። በዕብራይስጥ «ዶብ»፣ በዐረብኛ «ዱብ» ከሚባለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ዛሬ በመላው አፍሪካ በዱር የሚኖር ድብ የለም፤ በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች የነበረውም ዘር በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ቃሉን በአገራችን ያኖረው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ ከአንበሳና ከድብ ጋር መታገሉ፣ በኤልሳዕ ዘመን ሁለት ድቦች ከዱር ወጥተው አርባ ሁለት ልጆችን መስበራቸው፣ በትንቢተ ዳንኤል ሁለተኛው አውሬ ድብ መምሰሉ፣ በትንቢተ አሞጽ ከአንበሳ የሸሸ ሰው ድብ እንደሚያገኘው መነገሩ ሁሉ በአንባቢው አእምሮ አንድ ሥዕል ፈጥሯል። ይኸውም ድብ የአንበሳ አቻ የሆነ ጨካኝ አውሬ ነው የሚል ነው።

ከዚህ ጋር «ዝእብ» የሚለውን የግእዝ ቃል ማነጻጸር ይጠቅማል። በዕብራይስጥ «ዝኤብ»፣ በዐረብኛ «ዚእብ» ተኩላ ማለት ነው። በግእዝ ግን «ዝእብ» በአገሩ በብዛት ለሚታየው አውሬ፣ ለጅብ ስም ሆነ፤ አማርኛው «ጅብ» የመጣውም ከዚሁ ነው። ለተኩላ ደግሞ ሌላ ቃል ተያዘለት። እንግዲህ ሁለት የሴም ቃላት ሁለት መንገድ ሄደዋል፤ «ዝእብ» ፍቺውን ለውጦ በአገሩ አውሬ ላይ ሲያርፍ፣ «ድብ» ፍቺውን ጠብቆ አውሬ አልባ ሆኖ ቀረ። ተርጓሚ ዛሬም የሚመርጠው በእነዚሁ በሁለቱ መንገዶች መካከል ነው።

ለ. በሰሜን ሕዝቦች ዘንድ የድብ ስም

የሰሜኑ ዳር ራሱ ስሙን ያገኘው ከድብ ነው። «አርክቲክ» የሚለው ቃል «አርክቶስ» ከተባለው ግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ድብ ማለት ነው፤ ታላቁ ድብ የተባለው የከዋክብት ክምችት በሰሜን ሰማይ ስለሚታይ ነው። ከድብ ጋር በአንድ ደን የሚኖሩት ሕዝቦች ግን የአውሬውን ትክክለኛ ስም መጥራት ይፈሩ ነበር። የሩስያው «ሜድቬድ» በመሠረቱ «ማር በላ» ማለት ነው። በፊንላንድ «ማር መዳፍ» የሚል ቅጽል ስም አለው። በሳይቤሪያ የሚኖሩት ኤቨንኪዎች ድብን «አያት» ብለው ይጠሩታል።

ይህ ልማድ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በተረታችን ጅብ በባዶ ስሙ አይጠራም፤ «አያ ጅቦ» ይባላል። በሲዳማና በከምባታ ደግሞ ያገባች ሴት የአማቷን ስም ብቻ ሳይሆን በስሙ መነሻ የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ የምትሸሽበት «ባሊሻ» የሚባል ሥርዐት ይታወቃል። ስለዚህ ተርጓሚው በሰሜን ታሪክ ውስጥ «ሽማግሌው» ወይም «አያቴ» የሚል አጠራር ሲያጋጥመው «ድብ» ብሎ ሊገልጠው አይገባም። የተሸሸገው ስም የታሪኩ አካል ነውና በፍርሃትና በአክብሮት መካከል ያለውን ድምፅ ጠብቆ መተው ይሻላል።

ሐ. ቀለምና ዘር

ዛሬ በዓለም ላይ ስምንት የድብ ዘሮች አሉ። ከእነዚህ በሰሜን ታሪኮች ውስጥ የሚደጋገሙት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም በበረዷማው ባሕር ዳር የሚኖረው ነጩ፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው ቡናማውና የሰሜን አሜሪካው ጥቁሩ ናቸው። የነጩ ታሪክ በመርከበኞች መዝገብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1595 ዊለም ባሬንትስ የተሳተፈበት የሆላንድ ጉዞ በሰሜን ሲያልፍ አንድ ነጭ ድብ ሁለት መርከበኞችን ገደለ። በ1773 በተደረገው የእንግሊዝ ጉዞ የመርከቡ አለቃ ፊፕስ አውሬውን ለይቶ በመግለጽ በ1774 ባሳተመው መጽሐፍ ሳይንሳዊ ስሙን ሰጠው፤ ትርጉሙም «የባሕር ድብ» ማለት ነው።

በእነዚህ ስሞች ላይ ቀለም ብቻውን አስተማማኝ መሪ አይደለም። ጥቁር ድብ የሚባለው ዘር ቡናማ፣ አንዳንዴም ቀረፋ መሳይ ጠጕር ሊኖረው ይችላል። ቡናማ ድብ የሚባለውም ከነጣ ቢጫ እስከ ጥቁር ድረስ ይለያያል። ይህ ለእንስሳት ጥናት ብቻ የሚጠቅም ልዩነት አይደለም። በካናዳና በአሜሪካ ተራሮች አጠገብ በሚገኙ ከተሞች አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ፤ በዚያ ያሉ የዱር አራዊት መጠበቂያዎችም ለጐብኚ የሚሰጡት ምክር በዘሩ ይለያያል። ቡናማ ድብ ደቦሎቹን ወይም ምግቡን ለመከላከል ደርሶ ሰውን ከነካ፣ ሰውየው በሆዱ ተኝቶ በእጆቹ ማጅራቱን ሸፍኖ እንዲጸና ይመከራል። ጥቁር ድብ ሲያጠቃ ግን መተኛት አይገባም፤ በተገኘው ሁሉ መታገል ነው። ተርጓሚው «ቡናማ ድብ» ብሎ ቢጽፍና አንባቢው ቡናማ ጠጕር ያለው ጥቁር ድብ ቢያጋጥመው፣ በቋንቋ ትክክል የሆነው ትርጉም ሰውየውን ለሞት ሊዳርገው ይችላል።

ስለዚህ ለማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ስሙ ከመለያው ጋር መሰጠት አለበት። ለሰሜን አሜሪካው ቡናማ «ግሪዝሊ ድብ» የሚለውን የተለመደ የውጭ ስም ተቀብሎ «በትከሻው ላይ ጕብታ ያለው» የሚል ማብራሪያ መጨመር ይበጃል። ለጥቁሩም «ትከሻው ጕብታ የሌለው፣ ጆሮው ረዘም ያለ» ይባል። ለነጩ «የዋልታ ድብ» ከ«ነጭ ድብ» ይመረጣል፤ መኖሪያውን ያመለክታል፣ ከሌሎችም ነጣ ያለ ጠጕር ካላቸው ድቦች ይለየዋልና።

መ. ወቅት፣ በረዶና ጎሬ

ትልቁ ወጥመድ «ክረምት» የሚለው ቃል ነው። ድብ በብርዱ ወራት በጎሬው ውስጥ ሳይበላና ሳይጠጣ ይቆያል፤ ይህን ብዙዎች «የክረምት እንቅልፍ» ብለው ይተረጕሙታል። ነገር ግን ለአማርኛ አንባቢ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው። እንስት ቡናማ ድብ በጎሬዋ የምትወልደው በጥርና በየካቲት ግድም፣ በእኛ አገር በጋ ሲሆን ነው። በዚህም ላይ ሁኔታው ሙሉ እንቅልፍ አይደለም፤ የሰውነቷ ሙቀት በጥቂት ብቻ ይቀንሳል፣ ብትነካም ትነቃለች። ስለዚህ «የብርድ ወራት ሰመመን» የሚለውን እናቀርባለን።

«በረዶ»ም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ በዝናብ መካከል የሚወርደውንም፣ በሰሜን ምድር የሚከመረውንም፣ የረጋውን ባሕርም በአንድ ቃል እንጠራለን። የዋልታ ድብ የሚያድነው በረጋው ባሕር ላይ ቆሞ ነውና፣ «በረዶው ቀለጠ» ሲባል አንባቢው የጠፋው የአውሬው አደን መሬት መሆኑን መረዳት አለበት። ለሚከመረው «አመዳይ»፣ ለረጋው ባሕር «የባሕር ግግር» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል።

ለመኖሪያው «ጎሬ» ከ«ዋሻ» ይሻላል፤ ዋሻ የድንጋይ ሲሆን ድብ በአፈርም በአመዳይም ውስጥ ይቈፍራልና። ለልጁም ከበግና ከፍየል ጋር ከተሳሰረው «ግልገል» ይልቅ ለአንበሳ የሚነገረው «ደቦል» ይስማማል። «አራስ ነብር» የሚለው አነጋገራችን «አራስ ድብ» ለማለት ይጋብዛል፤ በልብ ወለድና በግጥም ያምራልም። በማስጠንቀቂያ ግን ያሳስታል፤ እናቲቱ ከወለደች ሁለት ዓመት ቢያልፋትም ደቦሎቿን ታስከትላለችና። በዚያ ቦታ «ደቦል ያስከተለች ድብ» ይጻፍ።

ሠ. ድብን በጅብ መተካት

በተረት ትርጉም ድብን በጅብ መተካት ይገባል የሚሉ አሉ። ምክንያታቸው ብርቱ ነው፤ በሁለቱም ተረት ውስጥ ብርቱውና ሆዳሙ አውሬ በብልጡ ይታለላል። ነገር ግን አስብዮርንሰንና ሙ ከሰበሰቧቸው የኖርዌይ ተረቶች አንዱን እንመልከት። ቀበሮ ድብን አታልላ ጅራቱን በረጋ ውሃ ቀዳዳ አስገብቶ ዓሣ እንዲያጠምድ ትመክረዋለች፤ ውሃው ጅራቱን ይዞ ይረጋል፤ ሲጐትተው ይበጠሳል፤ ድብ ጅራተ ጐራዳ የሆነው ስለዚህ ነው ይላል ተረቱ። ጅብን ብናስገባ ግግሩም ትርጉም ያጣል፣ ጅራት ያለው አውሬ ስለ ጅራቱ ማጠር ይነገርለታል። መፍትሔው ከአውሬው ይልቅ አጠራሩን መዋስ ነው፤ «አያ ድቦ» ሲባል የጎሮ ልጅ የአውሬውን ጠባይ ከስሙ ያውቀዋል፣ አውሬውም ድብነቱን አይለቅም።

በማጠቃለያ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናሳስበው «ድብ» በሚለው ቃል ሥር «የአውሬ ስም» ተብሎ እንዳይታለፍ ነው። ዘሩ፣ መኖሪያው፣ መለያውና የወራቱ አኗኗር በአጭሩ ይገለጽ። ከላይ የቀረቡትም ስያሜዎች፣ ማለትም ግሪዝሊ ድብ፣ ጥቁር ድብ፣ የዋልታ ድብ፣ የብርድ ወራት ሰመመን፣ አመዳይ፣ የባሕር ግግር፣ ጎሬና ደቦል በተርጓሚዎች ሥራ ተፈትነው የሚጸናው ይጽና፣ የሚሻለውም ይተካ።