ኮሊን ሚድስ፦ የቴ ኩይቲው ገበሬ

ከራግቢ ዩኒየን 15 ተሰላፊዎች ስምንቱ ፎርዋርዶች፣ ማለትም ፊተኞች ናቸው። የእግር ኳስ ተመልካች ፊት የሚሰለፈውን ጎል አዳኝ አድርጎ ለምዷል፤ እዚህ ግን የፊተኞቹ ዋና ሥራ ተጋፍቶ ኳስ ማስለቀቅና ለኋለኞቹ ማቀበል ነው። ጭብጨባውም አብዛኛውን ጊዜ ለኋለኞቹ ነው። ኒውዚላንዳውያን ግን በ1999 የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ተጫዋቻቸው ብለው የሰየሙት ፎርዋርድን ነው፤ ኮሊን ሚድስን።

ሚድስ በኒውዚላንዷ ቴ ኩይቲ ገበሬ ነበር። በዘመኑ ራግቢ ደመወዝ አልነበረውምና ኑሮው ከእርሻው ነበር። በየብብቱ አንዳንድ በግ ሸጉጦ ዳገት ይሮጥ ነበር ይባላል፤ እውነትም ሆነ ተረት፣ ሰውነቱን ላየ ለማመን የሚከብድ ወሬ አይደለም። ቅጽል ስሙ «ፓይንትሪ»፣ ማለትም የጥድ ዛፍ ነበር።

የሚሰለፈው በሎክ ቦታ ነበር። በስክረም ጊዜ፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ፎርዋርዶች ተያይዘው ሲገፋፉ፣ ሎክ ጭንቅላቱን ከፊቱ ባሉት ሁለት ተጫዋቾች ዳሌ መካከል አስገብቶ በትከሻው ይገፋል። ኳስ ከመስመር ውጭ ወጥታ ስትወረወር ደግሞ ዘሎ መቅለብ የእሱ ድርሻ ነው። ዛሬ ሎኩን ጓደኞቹ ወደ ላይ ያነሱታል፤ በሚድስ ዘመን ይህ ክልክል ስለነበር ክርንና ጉተታውን ችሎ በራሱ እግር ይዘል ነበር። ኳሷን ካገኘ በኋላ በአንድ እጁ ብቻ ጨብጦ ሲሮጥ ማየት ለብቻው ትርኢት ነበር።

ከ1957 እስከ 1971 ለኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ለኦል ብላክስ 133 ጊዜ ተሰልፏል፤ 55ቱ ከአገር አገር የተደረጉ ግጥሚያዎች ናቸው። በ1970 በደቡብ አፍሪካ ክንዱ ተሰብሮ ጨዋታውን ቀጠለ፤ በዚያው ጉዞ በኋላ ክንዱን በመከላከያ አስሮ ወደ ሜዳ ተመለሰ።

አድናቂዎቹ የሚያልፉት ነገርም አለ። በ1967 ኤድንበርግ ላይ ከስኮትላንድ ጋር ሲጫወቱ ከሜዳ ተባረረ። በ1968 ደግሞ ሲድኒ ላይ የአውስትራሊያውን ኬን ካችፖልን ከተጫዋቾች ክምር ሥር እግሩን ይዞ ጎትቶ ክፉኛ አቆሰለው፤ ካችፖል ከዚያ ወዲያ ለአገሩ አልተጫወተም። ለእኔ ይህ ከክንዱ ስብራት ታሪክ እኩል ሊነገር የሚገባው ነው።

በ1971 አምበል ሆኖ የብሪታንያንና የአየርላንድን ጥምር ቡድን ላየንስን ገጠመ። ከአራቱ ግጥሚያዎች ላየንስ ሁለቱን አሸነፉ፣ አንዱ በአቻ ተጠናቀቀ። ላየንስ ኒውዚላንድ ላይ ተከታታይ ግጥሚያ ያሸነፉት እስከ ዛሬ ያኔ ብቻ ነው፤ ሚድስም ከዚያ በኋላ ለአገሩ አልተሰለፈም።