በእግር ወደ ላስታ

ጋሸና ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በምዕራብ ወደ ነፋስ መውጫና ደብረ ታቦር፣ ሌላው በምሥራቅ ወደ ወልድያ ይሄዳል። ሦስተኛው ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ 64 ኪሎ ሜትር ወርዶና ወጥቶ ላስታ ላሊበላ ይገባል። ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ እዚህ መገንጠያ ላይ የቆመ ሰው ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ፣ ስንቃቸውን በትከሻ ያነገቱ መንገደኞች ሲያልፉ ያያል። ከጎጃም፣ ከጋይንት፣ ከሸዋ፣ ከወሎ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ሰሜን ይታጠፋሉ። የገና እግረኞች ይሏቸዋል።

ካሜራ የያዘ ሁሉ የሚሽቀዳደመው ታኅሣሥ 29፣ በገና ማለዳ፣ በላሊበላዋ ቤተ ማርያም ለሚሆነው ነው፤ ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ ላይና ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ የሚለውን ዝማሬ ሲቀባበሉ ለማየት። ድንቅ ነው፣ አይካድም። እኔን ግን ከዚያ ይልቅ የሚገርመኝ መንገዱ ነው። ይህን ጉዞ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት የለም፤ ምዝገባ የለ፣ ካርታ የለ፣ አስቀድሞ የተያዘ ማደሪያ የለ። እንዲያም ሆኖ ዘመናትን ተሻግሯል። በምን ኃይል እንደሚሄድ ለማወቅ ከእግረኞቹ ጋር አንድ ቀን ውሎ ማደር ይበቃል።

በቅድሚያ ስለ ርቀቱ። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በመኪና መንገድ ከ640 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ከባሕር ዳር ወደ 300 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዐሥር ቀን ነው። ሒሳቡ ግን የሰንበትን ዕረፍት፣ የታመመን ጓደኛና የገበሬውን አቋራጭ አያውቅም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከሩቅ የሚነሣ ሰው ከመንገዱ ጋር ጾሙንም ይዞ ነው የሚጓዘው። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ቀድሞ መነሣት ግድ ነው።

ቀኑ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። የዋድላ ደላንታ ደጋ በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያወርዳል፤ የተኛ ሰው ይበልጥ ስለሚበርደው መነሣቱ ራሱ ዕረፍት ነው። አንዱ ባትሪ ያበራል፣ አንዱ አባታችን ሆይ ይላል፣ ሌላው በጨለማ ኮንጎ ጫማውን ይፈልጋል። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱም አሉ፤ አንዳንዱ ስለተሳለ፣ አንዳንዱም ስለሌለው።

አብረው የሚሄዱት ሁልጊዜ የአንድ አገር ሰዎች አይደሉም። ከሰፈሯ ብቻዋን የወጣች እናት ሁለተኛው ቀን ላይ ከማታውቃቸው ጋር ትገጥማለች፤ ልጅ አግኝታ ስለቷን ልታደርስ ነው። ጎኗ ያለው ጎረምሳ የንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጥተውታል፤ ምን አጥፍቶ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። አንድ ዓይነ ስውር በሕፃን እየተመሩ ይሄዳሉ። የቡድኑን እርምጃ የሚወስኑት ግን ከሁሉም ደካማው ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ትንሽ ይረፉ።»

«ካረፍኩማ አልነሣም ልጄ። ቀስ እያልን እንሂድ።»

ሁሉም ቀስ ይላል። ከጋሸና ደጋ ወርዶ ተከዜን ተሻግሮ እንደገና መውጣት አለ፤ ለሽማግሌ ጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከፋል። ቆላው ሲቃረብ የሌሊቱ ጋቢ ሸክም ይሆናል፣ ወሬው ይቀንሳል፣ መዝሙሩም ከፊተኞቹ አፍ ወደ ኋለኞቹ እስኪደርስ ይቆራረጣል።

እስከ 9 ሰዓት አይበላም፤ ጠንካሮቹ ውሃም አይቀምሱ። 9 ሰዓት ሲል ዛፍ ጥላ ሥር ስንቁ ይፈታል። በሶ የዚህ መንገድ ንጉሥ ነው። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይጠይቅም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ለጾምም የተፈቀደ ነው። ከሃይላንዱ ትንሽ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ በጨው ይለወሳል፣ በእጅ ተጨብጦ ይበላል። ቆሎና ድርቆሽ የያዘ ያካፍላል። ስንቁ ያለቀበት ሰው «አልቆብኛል» ማለት አይጠበቅበትም፤ እጁ ባዶ መሆኑ ሲታይ ይሰጠዋል።

ጉዞውን ደግፎ የያዘው ግን በሶው አይደለም። ሲመሽ ነው የሚታወቀው። ከመንገድ ዳር ካለች ጎጆ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ።

«ቤቶች! የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን።»

«ግቡ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው።»

ውይይቱ በዚህ ያበቃል። ባለቤቲቱ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ ትመጣለች። ሽማግሌው እግራቸውን ወደ ኋላ ይሰበስባሉ፤ «ተይ የኔ ልጅ፣ ራሴ እታጠባለሁ» ይላሉ። አትሰማቸውም። ተረከዛቸው እንደ በጋ ዋልካ ተሰነጣጥቋል፣ ውስጡ አፈር ገብቶበታል፤ በአውራ ጣቷ እየፈተገች ታወጣዋለች። የግራ እግራቸው ጣቶች ሥር ውሃ ቋጥሯል። እዚያ ጋ ስትደርስ እጇን ታለዝባለች። ባልየው ከአንገቱ ወረንጦውን ፈትቶ በኩራዝ ብርሃን የጎረምሳውን እሾህ ይፈልጋል። ከዚያ ንፍሮ ይቀርባል፣ ጭድ ላይ አጎዛ ይነጠፋል። ታኅሣሥ አዝመራ የሚገባበት ወር መሆኑ ለእግረኛው በጅቶታል፤ ገናና የእህል ዕጦት ወራት ቢገጣጠሙ ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው እንዲህ በቀላሉ ማደሪያ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ጠዋት ገንዘብ ያወጣ ሰው ባለቤቶቹን ሰደባቸው ማለት ነው። ይልቅ አስተናጋጇ ከመቀነቷ የቋጠረቻትን ብር ለጧፍ ብላ ትሰጣለች፣ የክርስትና ስሟንም ታስይዛለች፤ ላሊበላ ሲደርሱ በጸሎት እንዲያስቧት ነው። ሲመለሱ ደግሞ ትንሽ እምነት፣ የተባረከ አፈር፣ ያመጡላታል። በእኔ እይታ የጉዞው ሞተር ይህ ልውውጥ ነው። ከብቷንና አውድማዋን ጥላ መሄድ የማትችለው ሴት በሽማግሌው እግር ትሳለማለች። አሳዳሪና አዳሪ ለአንድ ጉዞ ነው የሚደክሙት።

ላሊበላ ሲደርሱ ያው ሥርዓት በከተማ ልክ ይደገማል። ነዋሪው የእንግዳውን እግር ያጥባል፣ ያበላል፤ ቤቱ የሞላበት ደጁን ይለቅቃል፤ የተረፈው ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላል። ትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ያነጸው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ በመንገድ ለሚያልቀው ሕዝብ አዝኖ ነው ይላል። ሰው ኢየሩሳሌምን በቅርብ እንዲያገኝ ታስቦ በተሠራ ቦታ ዛሬም ሳምንታት ተጉዞ መድረስን የሚመርጥ መኖሩ ደስ የሚል ተቃርኖ ነው።

መንገዱ ሁሌ ክፍት አልነበረም። ጋሸና በ2014 ዓ.ም. የውጊያ ሜዳ ነበረች፤ ከዚያ በኋላም የፀጥታው ችግር ብዙዎችን ከጉዞ አስቀርቷል። የጉዞ ማኅበራት አውቶቡሶችም የእግረኛውን ቁጥር ሳይቀንሱት አይቀሩም። ፈረድኩ አይባልብኝ እንጂ፣ በአውቶቡስ የሄደ ሰው በዓሉን ያከብራል፤ ያቺን ጎጆ ግን አያውቃትም።

በታኅሣሥ በዚያ መንገድ የምትነዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምን። እግረኞቹ ሳይነጋ በአስፋልቱ ዳር ስለሚሄዱ ፍጥነት ቀንሱ። ላሳፍራችሁ ብላችሁ አትጨቅጭቋቸው፤ ስለታቸው በእግር ነው። ውሃ ግን ስጧቸው፤ ጠዋት እንቢ ቢሏችሁ አትቀየሙ፣ 9 ሰዓት አልሞላም ማለት ነው።