የትኛውን ስርዓተ ክወና እንማር?



የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ዘወትር የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ «ዊንዶውስን ልማር ወይስ ሊኑክስን?» የሚል። ጊዜውና ገንዘቡ ውሱን፣ በእጁ ያለውም ኮምፒውተር አንድ ብቻ ለሆነ ተማሪ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መልሱን በትንሽ ሙከራ እንፈልግ። «አንኮበር» ብለን በጽሑፍ ፋይል እንጻፍና ሌላ ምልክት ሳንጨምር በዩቲኤፍ 8 እናስቀምጠው። ፊደላቱ 5 ናቸው፤ የፋይሉ መጠን ግን 15 ባይት ይሆናል፤ በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛልና። «ደብረ ብርሃን» ብንል ደግሞ 7ቱ ፊደላት 21፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት 1፣ በድምሩ 22 ባይት ይሆናል። ሙከራውን በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ብናደርገው ውጤቱ አንድ ነው።

ይህ አንድነት ግን ሁልጊዜ አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላቱን በየራሳቸው ኮድ ያስቀምጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በአንድ ምርት አዝራሮች ብቻ የታጠረ ዕውቀትም እንዲሁ ነው፤ ምርቱ ሲለወጥ አብሮ ዋጋ ያጣል። ፋይል፣ ፕሮሰስ፣ የማኅደረ ትውስታ ክፍፍልና የተጠቃሚ ፈቃድ ግን በሁሉም ስርዓት የሚገኙ ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው፤ ቀድሞ መጠናት ያለባቸውም እነርሱ ናቸው።

እነዚህን ለማጥናት ሊኑክስ የተሻለ ቤተ ሙከራ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ይህ ከርነል ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍ ያነበብነውን በኮዱ ውስጥ ፈልገን ማየት እንችላለን። የአንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩት በዚሁ ከርነል ነው። በተጨማሪም እንደ ኡቡንቱ ያለውን ስርዓት አንድ ተማሪ በፍላሽ ዲስክ ቢገለብጠው፣ ጓደኞቹ ሁሉ ያለ ፈቃድ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ ሊጭኑት ይችላሉ።

ይህ ማለት ግን ዊንዶውስን እንተው ማለት አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት እርሱ ስለ ሆነ ተመራቂው ሊያውቀው ይገባል። ኮምፒውተሩ በቂ ማኅደረ ትውስታ ካለው ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን፣ ከሌለው ከዊንዶውስ ጎን መጫን ይቻላል፤ በሁለተኛው መንገድ የሚሄድ ግን አስቀድሞ የፋይሎቹን ቅጂ በሌላ ዲስክ ያስቀምጥ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ለዕለት ሥራ በለመዳችሁት ተገልገሉ፤ ለትምህርት ግን ውስጡን ከፍታችሁ ማንበብ የምትችሉትን ምረጡ።