ፀሐይ ስትቀር ሥራዋን ማን ይሠራል?

ሐምሌ ውስጥ በመካነ ሰላም አካባቢ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ድንገት ብራ ይሆናል። ግቢው በአንድ ጊዜ ይታመሳል። ሰሌኑ ይነጠፋል። ሦስት ቀን ጓዳ ውስጥ ታፍኖ ሽታው ሊለወጥ የነበረው ብቅል ይሰጣል። ጋቢው አጥር ላይ ይወጣል፤ የሕፃኑ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ይዘረጋል፤ አንድ ልጅ ዱላ ይዞ ዶሮ ይጠብቃል። የቤቱ እመቤት ግን እጇ ብቅሉን እያገላበጠ ዓይኗን ከዓባይ በኩል አትነቅልም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከዚያው ወገን ጥቁር ደመና ይነሣል። «መጣ! መጣ!» ይባላል፤ የወጣው ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። ብቅሉም እንደረጠበ ይመለሳል። በዚያ ዕለት ሁለተኛ ብራ ከተገኘ ሩጫው እንደገና ይጀመራል።

ስለ ክረምት ደመና ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ሁለት ነገር ነው፤ አንድም ዝናብ ስለሚያመጣ እናመሰግነዋለን፣ አንድም ልብ ያጨልማል እንላለን። ሦስተኛው ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ፀሐይ የቤት ሠራተኛ ናት። ታደርቃለች፣ ታሞቃለች፣ ማገዶ ታዘጋጃለች፣ እህል ከነቀዝ ትጠብቃለች፣ የሕፃን አጥንት ታጠናለች። በጋውን ሙሉ ያለ ክፍያ ስለምትሠራ ሥራዋ ከሥራ አይቆጠርም። ክረምት ሲገባ ግን ያ ሁሉ ሥራ በሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ይልቁንም በሴቶች ጫንቃ ላይ።

በመጀመሪያ ደመናው ለምን እንዲህ እንደሚበረታ እንይ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከደጋው በታች ዓባይና ወደ እርሱ የሚወርዱት ወንዞች የቆረጡት ጥልቅ ሸለቆ አለ። በክረምት የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ ቀጠና ወደ ሰሜን ይወጣል፤ እርሱን ተከትሎም ከአትላንቲክና ከኮንጎ፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሣ እርጥብ አየር ወደ አገራችን ይገባል። ይህ አየር ከሸለቆው ተነሥቶ ደጋውን ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ጠብታ መለወጥ ሲጀምር ደመና ይሆናል። ደመናው የሚሠራበት ከፍታ ብዙ ጊዜ ደጋው ራሱ ያለበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ቆላ ያለው ሰው ቀና ብሎ «ደመና» የሚለውን የደጋው ሰው በሩን ሲከፍት «ጉም» ይለዋል። ነገሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚያዩት ሰዎች የቆሙበት ቦታ ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ ሰው የለጋምቦን ከፍታ ሲያልፍ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ፣ የፊቱን መኪና ጅራት እየፈለገ ነው የሚነዳው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናቷ ላይ ትቆማለች፤ አንዱ ሚያዝያ 10 አካባቢ፣ ሌላው ከነሐሴ 18 እስከ 20 ባሉት ቀናት ነው። ማለትም ደመናው ከሚከብድባቸው ወራት በአንዱ ፀሐይዋ ከበላይ በሙሉ ኃይሏ ቆማለች። ቀኑም አያጥርም፤ እንዲያውም ከዓመቱ ረጅሙ ቀን የሚውለው ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ወቅትን ጠብቆ ስለሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ያቀረቡት ጥናት በዓለም ላይ ታወቀ። ያ ሕመም በዋናነት ቀኑ እጅግ ከሚያጥርባቸው አገሮች ጋር የተያያዘ ነው። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ቀኗ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን «ጨለማው በላን» ሲሉ ዕውነታቸውን ነው። የወሎ ደጋ ሰው ክረምት ላይ የሚከብደው ግን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። ቀኑ አላጠረም፤ የቀኑ ሥራ ነው የበዛው። ጎተራው ደግሞ የሚጎድለው በዚያው ወቅት ነው፤ የመኸሩ እህል አልቆ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው።

ብርዱም ቢሆን እንደሚመስለን አይደለም። ደመና ሌሊት ላይ ምድርን እንደ ጋቢ ስለሚሸፍን ሙቀቷ ወደ ሰማይ አያመልጥም። ውርጭ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ባለባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው። ሐምሌ ላይ አጥንት የሚሰብረን እርጥበቱ ነው፤ ያልደረቀ ልብስ መልበስ፣ ያልደረቀ መደብ ላይ መተኛት።

ቋንቋችን ይህን ወቅት እንደ ፈተና እንደሚያየው ሰላምታችን ይመሰክራል። ብዙ ጊዜ ያልተያየ ሰው «እንዴት ከረማችሁ?» ይላል። ከረመ ማለት ክረምትን ማሳለፍ፣ ዓመትን መሻገር ነው። ክረምቱን የተሻገረ ዓመቱን ተሻገረ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ በውስጡም ክፍሎች አሉት። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ ያለው ጎህ፣ ጽባሕ፣ ብርሃን እየተባለ ይጠራል። «ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» የሚባለውም ለዚህ ቅርብ ነው። ዝናቡ ከነሐሴ 13 በኋላም ይዘንባል፤ ሰው የሚያየው ግን የብራውን መርዘም ነው። መካነ ሰላም ያለችበት የወሎው ቦረና ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ የሚኖርበት አገር ነው፤ በዓሉ ቢለያይም ስጡን ለማውጣት ብራ የሚጠብቁት አብረው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ከሁሉ የሚከብደው ማገዶ ነው። በደጋው ኩበት በበጋ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ፣ አናቱ በእበት ይለሰናል፤ ክምሩ ለክረምት የሚሆን የፀሐይ ስንቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስንቁ ከነሐሴ በፊት ካለቀ ወይም ውኃ ከገባው ግን እርጥብ ማገዶ ይቀራል። እርጥብ ማገዶ ሲነድ ከሙቀቱ ከፊሉ የራሱን ውኃ ለማድረቅ ይጠፋል፤ ጭሱም ይበዛል። በር ዝናብ እንዳያስገባ ተዘግቷል፤ እናት ምድጃው ዳር፣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ። ዓይኗ ቀልቶ የሚከርመው፣ ልጁ የሚያስለው በዚህ ነው። ጭስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች እንደሚያባብስ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው እህል ነው። ሳይሰጣ የተፈጨ እህል ወፍጮ ይለስናል፤ ሳይደርቅ የተከተተ እህል ይሻግታል። ይህ ይበልጥ የሚጎዳው ለጋምቦን የመሰሉ የበልግ ደጋዎችን ነው። የበልግ ገብስ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ልክ ደመናው ሲወርድ ነው። አርሶ አደሩ ለመዝራት ዝናብ ጠብቆ፣ ለማጨድ ደግሞ ብራ ይጠብቃል። ሁለቱም በወቅቱ ካልሆኑ ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ እያለ ይበቅላል፤ የችግር ወራት መሻገሪያ ይሆናል የተባለው እህል እዚያው ይበላሻል። ማሳ ላይ ያለውም አይድንም። ደመናና እርጥበት ሲረዝም ስንዴውን ዋግ፣ ድንቹን ምች፣ ባቄላውን ቆልምም ይይዘዋል።

ሦስተኛው ሕፃናት ናቸው። አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ቆዳችን የሚሠራው ከፀሐይ ነው። በደጋ አገራችን ልጅ «ብርድ ይመታዋል፣ ቡዳ ያየዋል» ተብሎ ተጠቅልሎ ስለሚያድግ፣ ፀሐይ በሞላበት አገር የአጥንት መለስለስ ሕመም ለረጅም ዘመን ሲታይ ኖሯል። የጤና ባለሙያዎች አራስ ልጅን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁ የሚሉት ለዚህ ነው። ሐምሌ የተወለደ ልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ፀሐይ ያገኛል። ስለዚህ ብራ ሲሆን ከብቅሉ በፊት ልጁ ይውጣ እላለሁ።

የሶላር መብራቱም አለ። ገጠሩ በኩራዝ ፋንታ ሶላር ሲይዝ ትልቅ እፎይታ ነበር። በከባድ ደመና ግን ፓነሉ ከጥሩ ቀን ምርቱ ሩቡን እንኳ ሳያመነጭ ይውላል። በሌላ ወገን ያው ደመና የሚያወርደው ዝናብ በበሽሎና በሌሎች ወንዞች ዓባይ ገብቶ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውንና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል። የቦረና ሰው ጣሪያ ላይ ያለውን ብርሃን የሚያጠፋው ደመና ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ብርሃን ይሆናል። ይህ ኤሌክትሪክ ደመናው ወደሚወርድባቸው መንደሮች ተመልሶ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

በእነዚሁ የክረምት ወራት የፔሩ ዋና ከተማ ሊማም በደመና ትሸፈናለች። የፓሲፊክ ቀዝቃዛ ሞገድ የሚሠራው ያ ደመና ከካፊያ በቀር ምንም ሳይጥል ይከርማል። የእኛ ደመና እንዲያ ባዶ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤል ኒኞ ዝናቡን ሲያሳጣ የደረሰውን ያየ የወሎ ሰው ስለ ደመና ክፉ አይናገርም፤ እኔም አልናገርም። የምጠይቀው ደመናው እንዲቀር ሳይሆን፣ ፀሐይ ትታው የምትሄደው ሥራ ታስቦለት እንዲቆይ ነው። ይህም ሩቅ ነገር አይደለም። በየቀበሌው ጣሪያ ያለውና ነፋስ የሚያሳልፍ የስጥ መጠለያ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የማገዶ ዳስ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ። ግንባታው በግንቦት ካላለቀ ለዚያ ዓመት አይደርስም።

አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ሆናችሁ በክረምት ወደ ቤተሰብ የምትደውሉ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። እባካችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ «ማገዶውስ ደርቋል ወይ?» በሉ። ካልደረቀ፣ በሚቀጥለው ግንቦት የአንድ ዳስ ቆርቆሮ ላኩ።