ወዴት ሮጠ?

ክፍል 4

ባለፈው ክፍል፦ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት መጠኑ 5.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ አዋሽ ፈንታሌን መታ። ከባድ መኪና የሚነዳው አጎት ማታ «ሳቡሬ አድራለሁ» ካለ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።

አሶሳ ላይ ስኒ እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ መንቀጥቀጡ የተነሳበት ቦታ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አባባ ግን ሬዲዮውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ከሽመሉ አጥር ጥግ እንደተቀመጡ ናቸው። ቁርስም አልቀመሱ።

«ወንድምሽስ?» አሉ ድንገት።

«እሱማ ማንኩሽ፣ ግድቡ ላይ አይደል? መንቀጥቀጡ ከተነሳበት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለሱ አያስቡ።»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ሳቡሬ ከማዕከሉ ምን ያህል ይርቃል? ሬዲዮው አይናገርም።»

ለእረፍት የመጣችው የፊዚክስ ተማሪ ራሷን ነቀነቀች። «ርቀቱ ብቻ አይበቃም፣ አባባ። ማዕከል የሚሉት መሬቱ መቀደድ የጀመረበትን ነጥብ ነው። ቀዳዳው ከዚያ ወዴት እንደሮጠም ማወቅ አለብን። ይቺን አሮጌ ሽርጥ ልቅደዳት?»

«ቅደጃት።»

ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ተረተረችው።

«10 ኪሎ ሜትር ስንጥቅ እንበል። ቀዳዳው በሴኮንድ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሮጥ በ4 ሴኮንድ ያልቃል። ነቅናቂው ሞገድ ትንሽ ይቀድመዋል፤ ያንኑ መንገድ በ3 ሴኮንድ ይጨርሳል። እዚህ ማዶ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው የመጀመሪያው ሞገድ በ3ኛው፣ የመጨረሻው በ4ኛው ሴኮንድ ይደርሰዋል። ሁሉም ተደራርቦ በ1 ሴኮንድ ይወርድበታል ማለት ነው። መነሻው ላይ የቀረው ግን ያንኑ ጉልበት በ7 ሴኮንድ ተከፋፍሎ ነው የሚቀበለው።»

ቁጥሩን ለማቅለል ብላ ነው እንጂ እውነተኛ ስንጥቅ እንደ ሽርጥ ቀጥ ብሎ አይቀደድም። በስምጥ ሸለቆው ደግሞ ከጥልቁ ወደ ላይም ይቀደዳል፤ ያኔ ምቱን የሚቀበለው ከላዩ ያለ ሰፈር ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ቀዳዳው ወደ ኮቤ ከተማ ሮጦ ከ6,000 በላይ ሰው አልቋል።

አባባ ዝም አሉ። በ1977ቱ ሰፈራ ወደ አሶሳ ከመምጣታቸው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ግንቦት 1953፣ ካራ ቆሬ አጠገብ እረኛ ነበሩ።

«መጀመሪያ ተራራው አጉረመረመ» አሉ። «ከብቶቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ከዚያ ነው መሬቱ የከዳን። ማጀቴ ያን ሰሞን ፈረሰች።»

«ማጉረምረሙ ፈጣኑ ሞገድ ነው። አፍራሹ ከኋላው ነው የሚከተል።»

«ነግሬዋለሁ ለአጎትሽ። ድምፁን ስትሰማ ከቤት ውጣ፣ ከመኪናም ውረድ ብዬዋለሁ።»

ስልኳ ጮኸ። ቴሌግራም ነው፤ ከአጎቷ የመጣ የድምፅ መልእክት፣ 41 ሴኮንድ። ሌሊት 9 ሰዓት ከ52 ላይ ተቀድቶ ኔትወርክ ሲመለስ ገና አሁን መግባቱ ነው።

«...ሰው ሁሉ ደጅ ነው ያደረው። እኔም ወርጄ መንገዱ ዳር ቆሜያለሁ፤ ትንንሹ መች ፋታ ሰጠንና...»

ከዚያ ጉርምርምታ መጣ።

«አንድ» ብላ መቁጠር ጀመረች። ሁለት ሳትል ብረት ከብረት ተላተመ፣ ሰው ጮኸ፣ ቆርቆሮ ወደቀ፤ ወዲያውም ቀጥ አለ።

«ጫፉ ላይ ነበራ!» አሉ አባባ፣ የተቀደደውን ሽርጥ ጨብጠው።

ቅጂው ግን ገና አላበቃም። አጎት ያለከልካል።

«አባባ፣ እኔ ደህና ነኝ። መሬቱ ግን ተሰንጥቋል፣ እንፋሎት ይወጣል። መኪናው ከስንጥቁ ወዲያ ነው። ልጁ ውስጡ ተኝቷል... አይቆጡኝ አባባ፣ ማንኩሽ አልተመለሰም። ይዤው ወጥቼ ነበር።»

ጉርምርምታው እንደገና ጀመረ። 41ኛው ሴኮንድ ላይ ድምፁ ተቋረጠ።

ይቀጥላል